ስለ ዕጣውና ስለ አሮጌዋ ኮምፒዩተር

ባለፈው ዓመት በማታ ትምህርት ቤታችን ስለ ወጣው ዕጣ በሰፈሩ ብዙ ተወርቷል። ከተወራው ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ሰው ሲያዝንና ሲከፋው የሚጨምረው ነው። ዕጣውን ያወጣነው እኛ ሦስታችን መምህራን ስለሆንን፣ ነገሩ እንዴት እንደነበረ በዚህች በእጅ በምትጻፍ መጽሔታችን ልንገልጽ ተነሥተናል። ጽሑፉ ስለ ኮምፒዩተር ብዙ ያወራል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ነክታችሁ የማታውቁ አንባብያን ገጹን አትለፉት፤ እኛም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስንወጣ በእጃችን የነበረው ጠመኔ ብቻ ነበር፤ የቀረውን የተማርነው እዚሁ፣ አቧራ ላይ ተቀምጠን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመምህርነት ሥልጠና 12 ቦታ ተገኘ። የተመዘገቡት ወጣቶች 60 ነበሩ። ፈተና እንዳንፈትን አንዱ የተማረው በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ፣ ሌላው ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። እኛ ወጣቶቹን ሁሉ ስለምናውቃቸው ራሳችን እንምረጥ ማለት ደግሞ ጠብ መጥራት ነው። ስለዚህ ዕጣ ይውጣ ተባለ። አንድ ሽማግሌ አባት ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በጣሳ ውስጥ አድርጉና አንድ ሕፃን ያውጣ ብለው ነበር። እኛ ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ በኮምፒዩተራችን እንኮራ ነበር። ከሌላ ትምህርት ቤት ተርፋ የመጣች፣ ጠርዟ የተሰበረ፣ ስትሠራ እንደ ወፍጮ የምትጮህ አሮጌ ኮምፒዩተር ናት። ማሽን ዘመድ የላትም፣ ዕጣውን እርሷ ታውጣው አልን። ከተማሪዎቻችን አንዱ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፈልን።

በዋዜማው ማታ ፕሮግራሙ መሥራቱን ለማየት አንድ ጊዜ ሞከርነው። 12 ስሞች ወጡ፤ ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ እየሳቀ አነበባቸው። በበሩ አጠገብ ሻይ የሚሸጡልን እናት ብርጭቆ እያጠቡ ነበር፤ የእርሳቸውም ልጅ ከ60ዎቹ አንዱ ነው። በማግሥቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ኮምፒዩተሯን አስነሥተን ዕጣውን አወጣን። ስሞቹ ሲነበቡ ሰባተኛው ስም ላይ እኚሁ እናት ተነሡና፣ «መምህር፣ ይህን ዝርዝር እኮ ትናንት ማታ ሰምቼዋለሁ» አሉ። ከዚያም የቀሩትን አምስት ስሞች በቅደም ተከተላቸው እርሳቸው ጠሩልን። ልጁ ከስክሪኑ ላይ አየ፤ አንድም አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ ስላያችሁት አንደግመውም። ነገሩን ያባሰው ከ12ቱ አንዷ ከእኛ ከሦስታችን የአንዱ ሚስት እህት መሆኗ ነበር። እኛ በዚያች ሰዓት የተናገርነው ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። «ማሽን አታዳላም፤ አጋጣሚ ነው» አልን። ሳናጣራ ተናገርን። ማታ በሩን ዘግተን ፕሮግራሙን ደግመን አስኬድነው፤ ያው ዝርዝር ወጣ። ሦስተኛ አስኬድነው፤ ያው። ኮምፒዩተሯን አጥፍተን አስነሣናት፤ ያው።

ልጁ አለቀሰ። እኛም ከመቆጣት ይልቅ እንደ ልማዳችን ጠመኔ አነሣን። ኮምፒዩተር በራሷ ዕጣ ማውጣት አታውቅም፤ የምታውቀው ማስላት ነው። የዘፈቀደ ቁጥር አምጪ ስትባል ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥታ ቀጣዩን ታሰላለች፣ ከዚያም ከእርሱ ቀጣዩን። በሰሌዳው ላይ ለልጁ የሠራንለትን ምሳሌ እናንተም በአሸዋ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በ7 ጀምሩ፤ በ5 አባዙት፣ 3 ደምሩበት፣ የተገኘውን ለ16 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። 6 ይመጣል። በ6 ላይ ይህንኑ ስታደርጉ 1 ይመጣል፤ ከዚያ 8፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 10፣ 5፣ 12 እያለ ይሄዳል። ላላወቀ ሰው የተዘበራረቀ ይመስላል። ላወቀ ሰው ግን በ7 መጀመሩን ካወቀ ሁሉንም አወቀ። በሲ ቋንቋ ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው መነሻ ቁጥር ካልሰጠ፣ መነሻው 1 እንደተሰጠ ይቆጠራል። የእኛ ልጅ መነሻ መስጠት ረስቶ ነበር። እንግዲህ ዝርዝሩ የተወሰነው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት አልነበረም፤ ስሞቹን በተራ ጽፈን በጨረስንበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ አንዱ (ማን እንደሆነ አንጽፍም) አንድ ጥያቄ አነሣ። ይህን ዝርዝር እኛ አልመረጥነውም፤ ማን እንደሚወጣም አናውቅም ነበር፤ ታዲያ በደሉ ምንድር ነው? ቢጸናስ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሌሊቱን ተከራከርንበት። እኛ አላጭበረበርንም። ይሁን እንጂ በዋዜማው ማታ ከልምምዱ በኋላ የስሞቹ ተራ እስከ ጥዋት በእጃችን ነበር። የወጡት የትኞቹ ተራ ቁጥሮች እንደሆኑ አይተናል። የፈለግነውን ስም ወደዚያ ተራ ለማዛወር የሚያስፈልገን ሁለት መስመር መለዋወጥ ብቻ ነበር። አለማድረጋችንን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን። ለእርሳቸው፣ ብርጭቆ እያጠቡ ለሰሙት እናት፣ ይህ ምን ይጠቅማቸዋል? ዕጣ የሚወጣው አውጪው ደግ ሰው ነው ተብሎ አይደለም፤ ክፉም ቢሆን ምንም ማድረግ እንዳይችል ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ፈረሰ። ሕዝቡ ፊት ቆመን ስህተታችንን ተናገርን፤ ዕጣው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና እንዲወጣ ተወሰነ። ከፊተኞቹ 12 ወጣቶች አንዳንዶቹ አዝነውብናል፤ የሚስቱ እህት ደግሞ እስከ አሁን ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። በእነርሱ ቦታ ብንሆን እኛም እናዝን ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መነሻ ቁጥር ፍለጋ ጀመርን። ልጁ ወዲያው ሰዓት አለ። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ የሰዓቱን ሴኮንድ መነሻ አድርገው ይሰጣሉ። ችግሩ፣ በኮምፒዩተሯ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቀው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ሞታለች። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቷ ወደ አንድ የድሮ ቀን ይመለሳል፤ ዘወትር በዚያው ቀን ትነሣለች። (ከእኛ መካከል እንዲህ የሚኖር ሰው አለ ብሎ የቀለደ አለ፤ አልሳቅንም።) እንግዲህ ኮምፒዩተሯ ከተነሣች በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ፕሮግራሙን እንደምናስኬደው የሚያውቅ ሰው፣ መነሻው ከ300 ሴኮንዶች አንዱ መሆኑን ያውቃል፤ 300ውን ዝርዝር ቀድሞ አውጥቶ የሚወደውን መርጦ በዚያች ሴኮንድ ቁልፉን መጫን ነው። ባትሪው ደኅና ቢሆንም ኖሮ ያው ነበር፤ ሴኮንዱን የሚመርጠው ቁልፉን የሚጫነው ሰው ነውና።

300 ብዙ ይመስላል። ከ60 ሰዎች 12ቱን መምረጥ የሚቻልባቸውን መንገዶች ግን በሰሌዳው ላይ ስናሰላ 1,399,358,844,975 ሆኑ። ከአንድ ትሪሊዮን በላይ ነው። እያንዳንዱ ዝርዝር እኩል ዕድል እንዲኖረው ከተፈለገ መነሻው ቢያንስ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ሊሆን ይገባል። ባለሙያዎቹ ይህን የሚለኩት በቢት ነው፤ አንድ ቢት ማለት ሳንቲም አንድ ጊዜ ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደማለት ነው። ሳንቲሙን 40 ጊዜ ብንወረውር የውጤቶቹ ብዛት ለእኛ ትንሽ ይጎድላል፤ 41 ጊዜ ስንወረውር ይበቃል። ሰዓቱ ግን የሚሰጠን ከ9 ቢት ያነሰ ነበር። ይህ በእኛ ድህነት ብቻ የደረሰ ስህተት አለመሆኑን ኋላ ስናነብ ተረዳን። ከ2006 እስከ 2008 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሲታረም ጠቃሚ መስመር ተቆርጦ፣ የቁልፉ መነሻ ከ32,768 ቁጥሮች አንዱ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ማንም አላየውም። እነርሱ ሻይ የሚሸጡ እናት አልነበሯቸውም።

ታዲያ ኮምፒዩተር የማታውቀውን ነገር ከወዴት ታመጣለች? መልሱን ያገኘነው ከኮምፒዩተሯ ጋር በመጣው የሊኑክስ ምንጭ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሊኑክስ እርሷን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ከርነል የሚባለው ደግሞ የዚያ ሲስተም እምብርት ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ከዲስክ ሲያነብ፣ ከቁልፍ ሰሌዳ ፊደል ሲቀበል፣ ሁሉ በከርነሉ በኩል ያልፋል፤ እንደ መጋዘን ኃላፊ ሁሉን የሚያይ እርሱ ነው። በ1994 ቴዎዶር ቾ የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ለዚህ ከርነል አንድ ክፍል ጻፈለት። ሥራው ከኮምፒዩተሯ አካል ማንም ሊገምተው የማይችለውን ነገር እየለቀመ በአንድ ቋት ማጠራቀም፣ ማደባለቅ፣ ሲጠየቅም ዴቭ ራንደምና ዴቭ ዩራንደም በሚባሉ ሁለት በሮች ማደል ነው። በፋይሉ መግቢያ ላይ ለአንባቢ የተጻፈ ረጅም ማብራሪያ አለ፤ እኛ በመዝገበ ቃላት እየተረዳን ሦስት ማታ አነበብነው። ደራሲው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ተጨንቆ የሚጽፍ ከሆነ መምህር ቢሆን ይዋጣለት ነበር።

ከሚለቀምባቸው ቦታዎች አንዱ ሰው የቁልፍ ሰሌዳውን የሚመታበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ዲስኩ ነው። እኛን የያዘን ዲስኩ ነው፤ ምክንያቱም ዲስኩን እንሰማዋለን። ያንን ክር ክር የሚል ድምፅ ብዙዎቻችሁ በክፍሉ ስታልፉ ሰምታችኋል።

በጓዳ የሞተ ዲስክ ስለነበረን ለተማሪዎቹ ከፈትንላቸው። በውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፤ በላዩ ላይ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለ ክንድ ተዘርግቷል። ልዩነቱ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ሲነካ፣ የዲስኩ ግን አለመንካቱ ነው። ሳህኑ ሲሽከረከር የሚነሣው ነፋስ ጫፉን ከሳህኑ በላይ በጣም በቀጠነ አየር አንሳፎ ይይዘዋል። የኛ ዓይነቱ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ 8 ያህሉን ይወስዳል ማለት ነው። ከርነሉ ይህን አንብብልኝ ሲለው፣ ክንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ የሚፈለገውም የሳህኑ ክፍል ዞሮ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጨርሻለሁ ብሎ ከርነሉን ይጠራል።

ያ ጥሪ የሚደርስበት ቅጽበት ነው ዋናው ነገር። ሳህኑ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ቢዞር ኖሮ ቅጽበቱን ማስላት ይቻል ነበር። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ይናወጣል፤ አየሩ ሲናወጥ ሳህኑ በጥቂቱ ይዘገያል፣ በጥቂቱ ይፈጥናል። በዚያው በ1994 ዶን ዴቪስ፣ ሮስ ኢሃካና ፊሊፕ ፌንስተርማኸር የተባሉ ሰዎች ይህንኑ መርምረው ጽሑፍ አውጥተዋል። እንዳሳዩት፣ የአየሩ መናወጥ ማንም ሒሳበኛ ቀድሞ ሊደርስበት የማይችል ነው፤ የዲስኩን ጊዜ በመለካት ብቻ፣ ምንም ዕቃ ሳይጨመር፣ በደቂቃ ቢያንስ 100 ቢት ማግኘት ይቻላል። ለእኛ ዕጣ 41 ቢት ይበቃል ብለናል። በእነርሱ ልክ ከሄድን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አንድ ትሪሊዮን ዝርዝሮችን እኩል የሚያደርግ ነገር በዚያ በሚጮህ ሣጥን ውስጥ ከሚናወጥ እፍኝ አየር ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ከርነሉ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ዲስኩ ጨርሻለሁ ሲል ከርነሉ ሰዓቱን ያያል፤ የሚያየው የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ምት ነው፤ ያም በሴኮንድ ከቢሊዮን በላይ ይመታል። ስለዚህ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ የምታህል መዘግየት እንኳ በሺህ ምት ትቆጠራለች። ያችን ቁጥር ወስዶ ወደ ቋቱ ይጨምራትና ቀድሞ ከነበረው ጋር ያቦካታል። በደንብ ከተቦካ ሊጥ ውስጥ የትኛው ጤፍ ከየትኛው ስልቻ እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ይህም እንደዚያ ነው።

መጨመር ቀላል ነው። ከባዱ ምን ያህል እንደተጨመረ በሐቅ መቁጠር ነው፤ እኛም ከሁሉ የወደድነው ይህን ክፍል ነው። ከውሃ ቦኖው ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት ዘወትር ልክ በ12 ሰዓት ጀሪካኗን ይዛ ብትመጣ፣ ዛሬም በ12 ሰዓት መምጣቷ አዲስ ወሬ አይደለም። በየቀኑ በ5 ደቂቃ እየዘገየች ብትመጣም፣ ነገ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ እናውቃለን። ሰዓቷ የማይገመት ከሆነ ብቻ ነው መምጣቷ አንድ ነገር የሚነግረን። ከርነሉም በሁለት ጥሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይወስዳል፤ ከዚያ የልዩነቱን ልዩነት፣ ከዚያም የእርሱን ልዩነት። ከሦስቱ የሚያንሰውን ይዞ በእርሱ ልክ ብቻ ይቆጥራል፤ ምንም ትልቅ ቢሆን ደግሞ ለአንድ ጥሪ ከ11 ቢት በላይ አይቆጥርም። ዲስኩ በየ5 ሴኮንዱ እንደ ደወል ቢነሣ፣ ጥሪው ይቦካል እንጂ በመዝገብ ላይ ምንም አይጻፍለትም። ለራሱ ሲቆጥር እንዲህ የሚሰስት የመጋዘን ኃላፊ አይተን አናውቅም።

ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ያስጠብቃል። በድሮው አሠራር ዴቭ ራንደም የሚባለው በር ሒሳቡ ባነሰ ቁጥር ይዘጋ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ባሉት ከርነሎች ግን ቋቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እስኪሞላ ብቻ ያስጠብቃል። ኮምፒዩተር ገና ስትነሣ ቋቷ ባዶ ነው፤ ለዚህም መላ አለ። ስትጠፋ ከቋቱ ጥቂት በፋይል ታስቀምጣለች፤ ስትነሣ ያንን ወደ አዲሱ ቋት ትጨምራለች። ይህን ለተማሪዎች ስናስረዳ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «እርሾ ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ በእኛ ክፍል ሌላ ስም የለውም።

ዲስኩ ሥራ ከፈታ ግን ምንም አይገኝም። ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ያነበበችውን በማስታወሻዋ ስለምትይዝ፣ ደግማ ስትፈልገው ዲስኩን አትነካውም፤ ጥሪም የለም። በ2019 የደረሰው ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ነው። ኤክስት 4 የተባለውን የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት ለማሻሻል አንድ ለውጥ ተደረገ፤ ኮምፒዩተር ስትነሣ ዲስኩን የምትጠይቀው እንዲያንስ። ለውጡ በራሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን የዲስኩ ጥሪ ሲያንስ ወደ ቋቱ የሚገባውም አነሰ፤ አንዳንድ ኮምፒዩተሮች የዘፈቀደ ቁጥር ሲጠብቁ ሳይነሡ ቀሩ። የኤክስት 4 ዋና ጠባቂ ደግሞ ያው ቋቱን የጻፈው ቴዎዶር ቾ ነው፤ አንድ እጁ ያዳነው ሌላው እጁን አስራበ። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለውጡን ለጊዜው አስመለሰው፤ በቀጣዩም ከርነል ቋቱ ባዶ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ በራሱ የጊዜ መዛባት እንዲሞላው አደረገ።

በዛሬዎቹ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች የሚሽከረከር ሳህን እየጠፋ ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት ዝም ያሉ ዲስኮች አየር አያናውጡም፤ ለእነርሱ ከርነሉ የዲስኩን ጊዜ ከነጭራሹ አይለቅምም፤ ሌላ ምንጭ አለው። በ2022ም ጄሰን ዶነንፌልድ የሚባል ባለሙያ የቋቱን አሠራር በአብዛኛው አድሶታል። ዲስክም ቁልፍ ሰሌዳም የሌላቸው፣ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ ትናንሽ ሣጥኖች ግን ብዙ ጊዜ ተጎድተዋል። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖችን ቁልፎች ሰብስቦ አወዳድሮ፣ ድረ ገጽን በሚጠብቀው አሠራር ከሚሠሩት ውስጥ የ0.50 በመቶውን ምስጢራዊ ቁልፍ አሰልቶ አግኝቷል። ብዙዎቹ ገና ከመነሣታቸው፣ ምንም ሳይለቅሙ፣ ቁልፍ ያወጡ ነበሩ። በጥድፊያ ዕጣ ማውጣት የእኛ ብቻ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ዕጣ እንመለስ። ልጁ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ቁጥሩን ከከርነሉ በር እንዲቀበል አደረገ። በስብሰባው ግን ጣሳ ያሉት ሽማግሌ አባት እንደገና ተነሡና፣ «እናንተ ያላችሁት ነፋስ በሣጥን ውስጥ ነው፤ እኛ አናየውም። ጣሳውን ግን እናየዋለን» አሉ። መልስ አልነበረንም። እንዲያውም በኛ ግምት ለ60 ሰው ዕጣ ጣሳው ከመጀመሪያውም ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያው ምንጭ ጽሑፍ ውስጥ ያነበብነው አንድ ነገር ትዝ አለን። ማንኛውም ሰው ወደ ቋቱ የፈለገውን መጨመር ይፈቀድለታል፤ ከርነሉ ይቀበለዋል፣ ያቦካዋል፣ በሒሳቡ ላይ ግን አይጽፍለትም። የተጨመረው ጥሩ ከሆነ ይጠቅማል፤ ምናምን ከሆነ ያለውን አያበላሽም። ስለዚህ ሁለቱንም አደረግን። በመጀመሪያ 60ዎቹ ወጣቶች በሕዝብ ፊት ከጣሳው ቁጥር አወጡ፤ እያንዳንዱ ቁጥሩን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሯ ከ1 እስከ 60 ካሉት 12 ቁጥሮች መረጠች። እኛ ብናጭበረብር ጣሳው ያከሽፈናል፤ ጣሳው ቢጭበረበር ዲስኩ።

ከመጀመራችን በፊት ልጁ ዲስኩ ሥራ እንዳይፈታ የመማሪያ መጻሕፍቱን ፋይሎች ከቦታ ቦታ እንዲገለብጥ አዘዘው። ኮምፒዩተሯ መጮህ ጀመረች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የካኩማን እኩለ ቀን ታውቁታላችሁ። ሻይ የሚሸጡት እናት ቀረብ ብለው ጆሯቸውን በሣጥኑ ላይ አደረጉና፣ «አሁን ነው የምታስበው?» አሉ። ልጁም፣ «አይ እትዬ፣ አሁን እየረሳች ነው» አላቸው። መልሱን ማን እንዳስተማረው አናውቅም፤ እኛ አይደለንም።

ቁጥሮቹ ተነበቡ። ከፊተኞቹ 12 ሁለቱ እንደገና ወጡ። የሚስቱ እህት አልወጣችም። የእናታችንም ልጅ አልወጣም፤ 41 ቁጥርን ይዞ ነበር፤ የተነበቡት 40 እና 44 ሆኑ። እናቱ ብርጭቆዎቻቸውን በሳፋ ሰብስበው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጆቼ፣ ትናንት ማታ ሞክራችሁት ነበር?» አሉን።

አልሞከርነውም አልናቸው።